መስመር ሲቋረጥ ቤት ውስጥ የሚቀረው፦ በቦንጋና በአካባቢዋ የዩኤስቢ ማስገቢያ ያለው ራውተር አመራረጥ

(በቦንጋ ከተማ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ከቴሌቪዥን አጠገብ የምናስቀምጠውን፣ ሁለት ወይም አራት አንቴና ያቆመውን፣ ራውተር የምንለውን ዕቃ ስለ መምረጥ ነው። ከዚያም ጠበብ አድርጌ፣ ከጀርባው ወይም ከጎኑ ስላለው የዩኤስቢ ማስገቢያ እናገራለሁ። ብዙዎቻችን ይህን ማስገቢያ ስልክ ቻርጅ ከማድረግ በቀር ተጠቅመንበት አናውቅም።

ርእሱን የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ርቀት ነው። ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መርካቶ ተገዝቶ በአውቶቡስ የመጣ ራውተር ከመስመራችን ጋር አልስማማ ቢል፣ ተመልሶ ሄዶ ማስቀየር ለአንድ መምህር ወይም ለአንድ ገበሬ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ራውተር ከውጭ የሚገባ ዕቃ ነውና ሸክሙን ሁላችንም አይተነዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ገዝተን ለዓመታት የምንጠቀምበትን ዕቃ አስተውለን መምረጥ ይገባናል።

ሻጮች ስለ ፍጥነት ይነግሩናል፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ያሳዩናል። እኔ ግን በካፋ ዞን ለሚኖር ቤተሰብ የመጀመሪያው ጥያቄ ሌላ ነው እላለሁ። ጥያቄው «መስመሩ ወይም መብራቱ ሲጠፋ ቤቴ ውስጥ ምን ይቀራል?» የሚል ነው። የዩኤስቢ ማስገቢያው ዋጋ የሚታወቀው በዚህ ጥያቄ ነው። ንግግሬን በአምስት ከፍዬ አቀርባለሁ፦ ወደ ቤታችን የሚገቡት መስመሮች፣ የማስገቢያው አገልግሎቶች፣ የመብራት ነገር፣ ደኅንነት፣ በመጨረሻም ለሻጩ ልናቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ናቸው።

አንድ፤ ወደ ቤታችን የሚገቡት መስመሮች

ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ኢትዮ ቴሌኮም አሁን ባለው ስሙ የተቋቋመው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አገልግሎቱን በይፋ ጀምሯል። ዛሬ ኢንተርኔት ወደ አንድ ቤት የሚገባው ከሦስት መንገዶች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው በመዳብ የስልክ ሽቦ የሚመጣው ኤዲኤስኤል፣ ሁለተኛው የፋይበር መስመር፣ ሦስተኛው በሲም ካርድ የሚሠራው የሞባይል ኔትወርክ ነው።

እያንዳንዱ መንገድ የራሱ ዓይነት ራውተር አለው። ለኤዲኤስኤል የስልክ ሽቦ የሚሰካበት፣ በውስጡ ሞደም ያለው ራውተር ያስፈልጋል። በፋይበር ጊዜ አገልግሎት ሰጪው የራሱን መቀበያ ሳጥን ይተክላል፤ የምንገዛው ራውተር ከዚያ ሳጥን ጋር በኔትወርክ ገመድ ይገናኛል። ለሲም ካርድ ደግሞ በውስጡ የሲም ማስገቢያ ያለው የ4ጂ ራውተር አለ። አንዱን በሌላው ቦታ የገዛ ሰው ምንም ያህል የተወደደ ዕቃ ቢገዛ አይሠራለትም። ስለዚህ ስለ ዩኤስቢ ከማሰባችን በፊት የቤታችንን መስመር ማወቅ ግዴታ ነው። የፋይበር ደንበኛ የሆናችሁ ደግሞ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት የተተከለላችሁን ሳጥን ገልብጣችሁ እዩት። ብዙዎቹ ሳጥኖች ራሳቸው ዋይፋይ ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹም የዩኤስቢ ማስገቢያ አላቸው።

ሁለት፤ ማስገቢያው የሚሰጠን አገልግሎት

የመጀመሪያው አገልግሎት ሁለተኛ መንገድ መሆኑ ነው። በአንዳንድ ራውተሮች የዩኤስቢ ማስገቢያ ላይ ሲም ካርድ ያለበት ዶንግል ይሰካል። ዋናው መስመር ሲቋረጥ ራውተሩ ራሱ ወደ ዶንግሉ ይዞራል፤ መስመሩ ሲመለስም ወደ ቦታው ይመለሳል። ፋይበሩ በመንገድ ሥራ ወይም በወደቀ ዛፍ ቢበጠስ የቤቱ ሰው ሥራው አይቆምም። የሁለት ድርጅቶች ኔትወርክ በሚገኝበት ቦታ ዶንግሉ ላይ የሌላውን ድርጅት ሲም ማድረግ ብልህነት ነው፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ የመቋረጣቸው ዕድል ያነሰ ነውና።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። የዩኤስቢ ማስገቢያ ያለው ራውተር ሁሉ ዶንግል አይቀበልም፤ ለፍላሽ ብቻ የተሠራ ብዙ ነው። ዶንግል የሚቀበለውም ቢሆን ሁሉንም ዓይነት አይቀበልም፤ አምራቹ የሚያወጣው የሚስማሙ ዶንግሎች ዝርዝር አለ። ዶንግሉም ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ ራውተሩ ወደ ሲም ሲዞር በቤቱ ያሉት ስልኮች ይህን አያውቁም። አፕሊኬሽን ማዘመኑን፣ ፎቶ ወደ ላይ መጫኑን ይቀጥላሉ፤ የገዛነው ጥቅልም በአንድ ሌሊት ያልቃል። ስለዚህ የዳታ ገደብ ማበጀት የሚያስችል ራውተር ብንመርጥ፣ ባይኖር እንኳ የስልኮቻችንን ራስ ገዝ ማዘመኛ ብናጠፋ ይበጀናል።

ሁለተኛውና በእኔ ግምት ለእኛ ትልቁ አገልግሎት የቤት ቤተ መጻሕፍት መሆኑ ነው። ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ በማስገቢያው ላይ ሲሰካ፣ በውስጡ ያለው ፋይል በዋይፋይ ለቤቱ ሰዎች ሁሉ ይደርሳል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ይህን ደግሜ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ በቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ከደጃፋችን ውጭ የሚወስደን መንገድ ነው። የውጩ መንገድ ቢዘጋም የውስጡ ክፍት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአንድ ቤት ሦስት ተማሪዎች አሉ እንበል። የ600 ሜጋባይት የሒሳብ ትምህርት ቪዲዮ ሦስቱም በየስልካቸው ከኢንተርኔት ቢያዩት 1.8 ጊጋባይት ዳታ ይሄዳል። አንዱ አውርዶ ራውተሩ ላይ ባለው ፍላሽ ቢያኖረው ግን ወጪው 600 ሜጋባይት ብቻ ነው። ለፈተና ሲከለሱ አሥር ጊዜ ቢመለከቱትም አንድ ሳንቲም አይጨምርም። የታተመ መጽሐፍ እጥረት ባለበት ጊዜ የትምህርት ሚኒስቴር መማሪያ መጻሕፍት በሶፍት ኮፒ እንደሚሰራጩ ታውቃላችሁ። እነዚህን ለሁሉም ክፍል ሰብስቦ በአንድ ፍላሽ ማኖር የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውክፔዲያን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ የሚያስችል ኪዊክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራምም አለ። የአማርኛው ውክፔዲያ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ያሉት ስለሆነ በተራ ፍላሽ ጥግ ይገባል፤ የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል። ተማሪው የሚፈልገውን ከዲስኩ ወደ ስልኩ ወስዶ በኪዊክስ ይከፍተዋል።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልናገር። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ራውተር ይህን ችግር ይፈታል አልልም። ነገር ግን በዴቻ ወይም በጨና ያለ ልጅ ማታ መጽሐፉን አግኝቶ ማንበቡ ወይም «ኔትወርክ የለም» ብሎ መተኛቱ፣ አንዳንዴ በዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ የሚንጠለጠል ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ፣ ማንበቢያውን በእጁ ያኖረና ያላኖረ ሰው ልዩነታቸው በግልጽ የታየ ነው።

ቤተ መጻሕፍቱ ከውጭ የመጣውን ብቻ መያዝ የለበትም። በካፊኖኖ የሚነገረው ተረት፣ ምሳሌያዊ ንግግር፣ የአባቶች የዛፍና የቡና ዕውቀት በኢንተርኔት ላይ ብዙም አይገኝም። አያቶች ሲናገሩ በስልክ ተቀድቶ በዚያው ዲስክ ላይ ቢቀመጥ ልጆች ሁሉ ይሰሙታል። ለኅብረት ሥራ ማኅበራትም አንድ ቃል አለኝ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጥፋትን የሚመለከት ደንብ፣ የሥራ ላይ መዋያው ቀን ቢራዘምም፣ ወደዚያ የሚላክ ቡና የበቀለበት መሬት መገኛ በካርታ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ይህን መረጃ በአንድ ሠራተኛ ስልክ ላይ ብቻ ማኖር አደጋ ነው። በቢሮው ራውተር ላይ አንድ ቅጂ፣ በሌላ ቦታ ሌላ ቅጂ ሊኖር ይገባል።

ወደ ቴክኒኩ እንመለስ። ማስገቢያው ዩኤስቢ 2.0 ወይም 3.0 ሊሆን ይችላል። የኋለኛው ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ ነው። የመጀመሪያው በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ሁለተኛው 5 ጊጋቢት በሰከንድ ያስተላልፋል። ታዲያ 3.0ን ፍለጋ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት አለብን? አንድ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። የራውተሩ ፕሮሰሰር ደካማ ሆኖ ዩኤስቢ 2.0 ከአቅሙ ግማሹን እንኳ ባያደርስ፣ ለአንድ ቤተሰብ ይተርፋል። ዩኤስቢ 3.0 የሚጠቅመው ትልልቅ ፋይል ዘወትር ለሚያመላልስ ሰው ነው። ከዚህም በላይ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ዩኤስቢ 3.0 በሚሠራበት ጊዜ የሚፈጥረው ረብሻ የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ያውካል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ አምራቾች ማስገቢያውን ወደ 2.0 ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ አስቀምጠዋል።

ይህ ለእኛ ትርጉም አለው፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ለእኛ ዋናው ሞገድ ነውና። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ሲያገኝ ቶሎ ይደክማል። 2.4 ጊጋኸርዝ ርቆ ይሄዳል። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ሞገድን ያሳልፋል፤ ብሎኬትና ድንጋይ ያዳክመዋል፤ ቆርቆሮ ይመልሰዋል። ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ወይም ወደ ልጆች ክፍል ዋይፋይ ማድረስ የሚፈልግ ሰው መሀል ያለ ዝናብ የነካው ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ሞገዱን እንደሚቀንስ ይወቅ። ራውተሩን በቤቱ መካከል፣ ከፍ አድርጎ መስቀል አንቴና ከመጨመር ይቀድማል።

ሦስት፤ የመብራት ነገር

መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይጠፋል፤ ቤተ መጻሕፍቱም አብሮ ይጠፋል። ደግነቱ ራውተር የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው፤ የብዙዎቹ ከ5 እስከ 12 ዋት ነው። ስሌቱን አብረን እንሥራ። በገበያ የምናገኘው 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ያህል ይይዛል። ቮልቴጅ ሲቀየር የሚባክነውን ቀንሰን 30 እንበል። 6 ዋት የሚበላ ራውተር በዚህ አምስት ሰዓት ይሠራል። የፋይበር ሳጥንም ካለ እሱም ኃይል ይፈልጋልና ጊዜው ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ኢንተርኔቱን ትተን ቤተ መጻሕፍቱን ብቻ የምንፈልግ ከሆነ ግን ሳጥኑን ማብራት አያስፈልግም።

የፓወር ባንኩ የዩኤስቢ መውጫ 5 ቮልት ነው፤ ብዙዎቹ ራውተሮች 9 ወይም 12 ቮልት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ቮልቴጅ ከፍ የሚያደርግ ገመድ ወይም ለራውተር ተብሎ የተሠራ ትንሽ ባትሪ ያስፈልጋል። በራውተሩ ጀርባ የተጻፈውን ቮልት ሳያነቡ የሚሰኩ ሰዎች ዕቃቸውን ያቃጥላሉ። አንዳንዶች ደግሞ ፓወር ባንኩን ራውተሩ ላይ ባለው የዩኤስቢ ማስገቢያ ሰክተው ራውተሩን ለማብራት ይሞክራሉ። ያ ማስገቢያ ኃይል የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይደለም።

የሚሰጠውም ኃይል የተወሰነ ነው። በደንቡ መሠረት ዩኤስቢ 2.0 እስከ 500 ሚሊአምፒር፣ 3.0 እስከ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሣ ከ500 በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ቀጭ ቀጭ» እያለ ይነሣል፣ ይጠፋል። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። የራሱ ቻርጀር ያለው ማከፋፈያ መጠቀም፣ ወይም በሃርድ ዲስክ ፈንታ ፍላሽ መጠቀም ነው። እኔ ለቤት ፍላሽን እመርጣለሁ፤ ኃይሉ ትንሽ ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚጎዳ ተሽከርካሪ አካል የለውም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ የሚጎዳው ዕቃው ብቻ አይደለም፤ በመጻፍ ላይ ያለ ፋይልም ይበላሻል። ፋት 32 የተባለው የፍላሽ አደረጃጀት እንዲህ ላለው አደጋ መከላከያ የለውም፤ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ነጠላ ፋይልም አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስና ኤክስት 4 የተሻሉ ናቸው፤ ራውተሩ የትኛውን እንደሚያነብ ግን ቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ፣ የማይተካ ነገር በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም።

መብረቅንም አልረሳም። ዝናባችን የዓመቱን አብዛኛውን ወራት የሚይዝ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚመጣ መስመር የመብረቅን ኃይል ወደ ቤት ያስገባል፤ ፋይበር መስታወት ስለሆነ በራሱ ይህን አያደርግም። ነጎድጓድ ሲጀምር የመብራቱን ሶኬት ብቻ ነቅሎ የስልክ ሽቦውን የሚተው ሰው ግማሹን በር ክፍት ትቷል።

አራት፤ ደኅንነት

በካፋ ቡና ሲፈላ ጎረቤት ይጠራል። ዛሬ ጎረቤት ሲመጣ ከቡናው ጋር የዋይፋዩን ፓስወርድም ይጠይቃል፤ መከልከልም ነውር ይመስላል። መፍትሔው የእንግዳ ኔትወርክ ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ራውተሮች ለእንግዳ የተለየ ስምና ፓስወርድ ያወጣሉ፤ እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ የቤቱ ዲስክ ግን አይታየውም። ይህ ምርጫ የሌለበትን ራውተር፣ በተለይ ዲስክ ልንሰካበት ከሆነ፣ ባንገዛ ይሻላል።

ዲስኩ ለልጆች ለማንበብ ብቻ፣ ለአንድ አዋቂ ደግሞ ለመጻፍ እንዲከፈት ቢደረግ በስሕተት የሚጠፋና በቫይረስ የሚበከል ፋይል ይቀንሳል። ዲስኩን ከቤት ውጭ በኢንተርኔት ለመክፈት የሚያስችለውን ምርጫ ዝጉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ኔትዩኤስቢ በተባለውና የብዙ አምራቾች ራውተሮች የዩኤስቢ ዕቃን ለማጋራት በሚጠቀሙበት ፕሮግራም ላይ ከባድ ክፍተት ተገኝቶ ነበር። በ2016 ሚራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት ወርሯል። በ2017 ዋናክራይ የተዛመተው ኤስኤምቢ 1 በተባለው አሮጌ የፋይል ማጋሪያ በኩል ነው፤ ዛሬም በዚሁ አሮጌ ስልት ብቻ ፋይል የሚያጋሩ ርካሽ ራውተሮች አሉ። ስለዚህ የአስተዳዳሪውን ፓስወርድ በገዛችሁበት ቀን ቀይሩ፤ ደብሊው ፒ ኤ 2 ወይም 3 ምረጡ፤ አምራቹ ማሻሻያ የሚያወጣለትን ሞዴል ግዙ።

አምስት፤ ለሻጩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ይህ ራውተር ለየትኛው መስመር ነው? የዩኤስቢ ማስገቢያው ፋይል ያጋራል፣ ዶንግል ይቀበላል ወይስ ለቻርጅ ብቻ ነው? ዶንግል የሚቀበል ከሆነ የትኛውን? የሚፈልገው ቮልት ስንት ነው? የእንግዳ ኔትወርክ አለው? በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተፈቀደ ዓይነት ነው? ሻጩ ባያውቅ አትቆጡ። የሞዴሉን ቁጥር ጽፋችሁ ከአምራቹ መመሪያ አረጋግጡ። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ፍላሻችሁንና ዶንግላችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሰካ፣ በስልካችሁም ፋይሉን ክፈቱት። አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ይህ ሙከራ 450 ኪሎ ሜትር ያድናል።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ቅደም ተከተሉን ከጠየቀኝ እንዲህ እላለሁ። በመጀመሪያ ከመስመሩ ጋር የሚስማማ፣ ፋይል የሚያጋራ ዩኤስቢ 2.0 ያለው ራውተር፤ ቀጥሎ 64 ጊጋባይት ፍላሽና ትንሽ ባትሪ፤ ከዚያ በኋላ ዶንግል። ትልቅ ፍጥነትና ብዙ አንቴና የመጨረሻዎቹ ናቸው። መስመሩ በሰከንድ 10 ሜጋቢት ለሚያመጣ ቤት የ3,000 ሜጋቢት ራውተር መግዛት፣ ለአንድ ጀበና ቡና በርሜል ውኃ እንደ መጣድ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

መስመሩን የሚዘረጉት፣ መብራቱን የሚያመጡት ሌሎች ናቸው፤ ሥራቸው እንዲሻሻል መጠየቅ መብታችን ነው። እስኪሻሻል ድረስ ግን በገዛ ቤታችን የምንወስነው ነገር አለ። ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ ራውተራችሁን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። ማስገቢያው ካለ አንድ ፍላሽ ሰክታችሁ የልጆቻችሁን መጻሕፍት በላዩ አኑሩ። የኢንተርኔቱን መስመር ነቅላችሁም ሞክሩት።

ጥያቄና አስተያየታችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።